ያዢው እንጂ አትሰሪው

ኦሪን መሪ ላይ ተቀምጦ ሠላሳ ዓመት ጮኾብኛል። እኔም ሠላሳ ዓመት በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሜ ራሴን ነቅንቄለታለሁ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት አጥርቼ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያዢው እንጂ አትሰሪው!» የሚለውን። የቀረውን ሞተሩ በልቶታል፤ እግዜር ይስጠው።

ኦሪን ባሌ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዊኖና በምትባል የወንዝ ዳር ከተማችን ውስጥ የወተት ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ የዕረፍት ቀኑ ሐሙስ ነበረች። ጀልባዋን የገዛ ጊዜ «ለሐሙስ ብቻ ናት፣ ማርሊስ» ብሎ ማለልኝ፤ ስሟንም ሐሙስ አላት። ከዚያ ወዲያ ግን የወንዙ በረዶ ከቀለጠ አንሥቶ ተመልሶ እስኪጋገር ሳምንቱ በሙሉ ሐሙስ ሆነ።

የእኛ ሚሲሲፒ ወንዝ እንደ ደረጃ ነው፤ በየግድቡ አንድ እርከን ይወርዳል። ጀልባ የሚወርደው በግድቡ ማሳለፊያ በኩል ነው፤ በሁለት የብረት በሮች መካከል ባለ ረጅም የኮንክሪት ገንዳ። ትገባለህ፣ በሩ ከኋላህ ይዘጋል፣ ከግንቡ ላይ ገመድ ይጥሉልሃል፣ ውሃው ከሥርህ እየቀነሰ ይወርዳል፣ የፊቱ በር ሲከፈት ትወጣለህ። ገመዱን ጀልባህ ላይ ባለው ባለ ሁለት ቀንድ ብረት አንድ ጊዜ ጠምዝዘህ ጫፉን በእጅህ ትይዛለህ፤ ውሃው በወረደ መጠን ትለቅለታለህ። ካሰርከው ውሃው ይሄዳል፣ ጀልባህ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች።

ይህ በዴልማር ላይ ደርሷል። ዴልማር አብሮን የሚጓዝ ወዳጃችን ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ግዙፍ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ድሮ አንድ ቀን ገመዱን አስሮ ሳንድዊቹን ሲገምጥ ብረቱ ከነብሎኑ ተነቅሎ በጆሮው ሥር አለፈና የጓዳውን በር በስቶ ገባ። ዴልማር ሳንድዊቹን ጨረሰ፤ ብረቱን ከበሩ ነቀለ፤ በገመድ አንጠልጥሎ አንገቱ ላይ አደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቀንዱ» የእኛ ሕግ ሆነ። ማታ ማታ ጀልባዎቻችንን አሸዋ ላይ ስናወጣ የቀኑን ትልቁን ስሕተት የሠራ ሰው ቀንዱን አንገቱ ላይ ያጠልቃል፤ ለሁላችንም ዓሣ ይጠብሳል፤ እስከሚቀጥለው መቆሚያም አያወልቀውም። ፈራጁ ዴልማር ነው፤ ይግባኝ የለም።

ቀንዱ እኔን በደንብ ያውቀኛል። ባለ መንጠቆውን ረጅም እንጨት ውሃ ውስጥ ጥዬ፣ የተጠቀለለ ገመድ መሃል ቆሜ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ራሴ ወድቄ ለብሼዋለሁ። ትዋይላም ለብሳዋለች። ትዋይላ የሦስተኛው ጀልባ ባለቤት የጌለን ሚስት ናት፤ በበረዶ ላይ ልጆች የሞሉበት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች፣ ምላሷ ግን ለፍሬን የማይታዘዝ ሴት። እሷም ብትሆን ወንዙ ላይ ገመድ ያዥ ናት፤ መሪው የጌለን ነው። ኦሪን አንገት ላይ ግን ቀንዱ አንድም ቀን አርፎ አያውቅም። መሪ የያዘ አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ገመድ የያዘው ነው። ማንም ባይጽፈውም የምንተዳደረው በዚህ ነበር።

ባለፈው የበረዶ ወቅት የኦሪን ዓይን መሃሉ ጠፋበት። ዳር ዳሩን ያያል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ግን ጭጋግ ይሸፍንበታል። ሐኪሙ መኪና አትንዳ አለው። የመኪናውን ቁልፍ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወደ መኝታው ገባ። በሳምንቱ ሐሙስን ለሽያጭ እንዳወጣት የሰማሁት ከራሱ ሳይሆን ከትዋይላ ነው። በነሐሴ መጨረሻ እሑድ አንድ የአይዋ ግዛት ሰው ከወንዙ ወደ ታች ባለችው ፕሬሪ ዱ ሺን ከተማ መጥቶ ሊረከባት ተስማምቷል። እስከዚያው ሁላችንም እንደ ልማዳችን አብረን ወርደን እናስረክባለን፤ ይህ ነበር ሐሳቡ።

«ለምንድነው የምትሸጣት?» አልኩት።

«መሪ የሚይዝ የለማ።»

«እኔስ?»

ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። «አንቺ እኮ ገመድ ያዥ ነሽ፣ ማርሊስ።»

«ሠላሳ ዓመት ገመድ የያዘ ሰው ሠላሳ ዓመት ሲነዳ አይቷል! ደግሞ ከፊት ሆኖ!»

«እስቲ እናያለን» አለ። እኛ አገር «እስቲ እናያለን» ማለት «አይሆንም» ማለት ነው። እኔ ግን በዚህ አልተመለስኩም። ጀልባዋ ከሄደች ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ኦሪን ቤት ውስጥ ዝም ያለ ሰው ነው፤ ትልቁ ምስጋናው «አይከፋም» የምትለው ቃል ናት። ወንዝ ላይ ሲሆን ነው የሚጮኸው፣ የሚቀልደው፣ ሽመላ ባየ ቁጥር ኮፍያውን የሚያነሣው። ሐሙስ ከተሸጠች የማያየውን ቴሌቪዥን እያዳመጠ መስኮት ሥር ሲያረጅ ታየኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ደግሞ እኔ። ፈራሁ። ስለዚህ ጠዋት ማታ ነዘነዝኩት።

«በቃ!» አለኝ በመጨረሻ። «ፕሬሪ ዱ ሺን ድረስ ሳትጎጂያት ካደረስሽን ሰውዬውን ባዶ እጁን እመልሰዋለሁ። ከጎዳሻት ግን ነገሩ አለቀ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው። እኔ ገመድ እይዛለሁ። ምን ያስቸግራል?»

ምን ያስቸግራል አለ። ልብ በሉልኝ።

ከዊኖና የተነሣነው ፀሐያማ ጠዋት ላይ ነው። ዴልማር ከፊት፣ እኔ መሃል፣ እነ ጌለን ከኋላ። ከአፍንጫዋ ወደ መሪው ስዛወር ቢላዬንም ይዤ ሄድኩ። ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ ነው፤ ዴልማር ብረቱን ካስነቀለበት ቀን ጀምሮ ከእግሬ ሥር ለይቼው አላውቅም። ኦሪን ባየው ቁጥር «ገመዱን ቅቤ ልትቀቢው ነው?» እያለ ይስቅብኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እለዋለሁ።

 የመጀመሪያው ማሳለፊያ ላይ ገና ስገባ ነዳጁን አብዝቼ፣ ደንግጬ የኋላ ማርሽ አስገብቼ፣ ጎኗን ከግንቡ ጋር ፋቅኋት። ድምፁ አሁንም ጥርሴ ውስጥ አለ። ኦሪን አፍንጫዋ ላይ ቆሞ «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩሽ!» ይላል፤ ክንዱ ግን ወደ ቀኝ ነው የሚጠቁመው።

ትዋይላ ከኋላ በሬዲዮ ገባች። «ሐሙስ፣ ሐሙስ፣ ይህቺ ትዋይላ ናት። የመንግሥትን ግንብ ቀለም ለመቀባት ውል ወሰድሽ እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ባልሽን ‹ንዳው› ማለት ትተሽ ‹ልንዳው› በይው!» አልኳት። ሬዲዮዋን ዘጋችው። ይህን ብዙ ጊዜ አታደርገውም።

ማታ አሸዋው ላይ ቀንዱን የለበስኩት እኔ ነበርኩ። ዓሣውን ጠበስኩ፤ ጌለን በቆሎውን ቀቀለ፤ ዴልማር የድንች ሰላጣውን ብቻውን ሊጨርስ ምንም አልቀረው። ኦሪን እየዳበሰ ወደ ሐሙስ ሄደ፤ የተፋቀውን ቦታ በመዳፉ ሲያሸው ከሩቅ አየዋለሁ። ተመልሶ ሳህኑን አነሣ።

«ታዲያስ?» አልኩት ዓሣ ማገላበጤን ትቼ።

«ቀለም ነው» አለ። «ቀለም ጉዳት አይባልም።» እፎይ ብዬ ተነፈስኩ፤ ዓሣውንም አሳረርኩት።

በማግስቱ እጄ ተፍታታ። የጀልባውን መንገድ የሚያሳዩትን ቀይና አረንጓዴ ተንሳፋፊ ምልክቶች በየጎኔ እያስቀረሁ፣ ከውሃው ሥር የተደበቁትን የድንጋይ ክምሮች እየሸሸሁ፣ እህል የጫኑት ትላልቅ ጀልባዎች ሲመጡ ዳር ይዤ እየጠበቅሁ ሄድኩ። ሁለት ማሳለፊያ ያለ ጭረት አለፍኩ። ኦሪን ጩኸቱን ቀነሰ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሽመላ አሳይቼው ወዳመለከትኩት አቅጣጫ ኮፍያውን አነሣ። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

የመጨረሻው ማሳለፊያ የደረስነው ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ፕሬሪ ዱ ሺን ድረስ ግድብ የለም። ነፋስ ከጎን ይመታ ነበር። ተጠንቅቄ ገባሁ፤ ግንቡን እንደ እንቁላል ነካሁት። ብርቱካናማ ሰደሪያ የለበሰች ሴት ከላይ ለኦሪን አንድ፣ ለእኔ አንድ ገመድ ጣለች። ሞተሩን አጠፋሁ። የኋላውን ገመድ ይዤ ቆምኩ። ዴልማር ከፊታችን፣ እነ ጌለን ከኋላችን ከገቡ በኋላ በሩ ተዘጋ።

አሁን የኦሪንን ልማድ ልንገራችሁ። በእሱ ሕግ መሪ የያዘ ሰው ማሳለፊያ ውስጥ ሥራ የለውም። ሞተር ካጠፋ በኋላ ፔርሙዙን ከፍቶ ቡናውን ይቀዳል፣ እግሩን ዘርግቶ ከጎረቤት ጀልባ ጋር ያወራል፤ ሁለቱንም ገመድ ሚስቱ ይዛለች። ኦሪን ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የወረደው። ሰውነቱ የሚያውቀው ይህንን ነው። ጌለን ከኋላችን «ኦሪን፣ ትናንት ያመለጠኝን ዓሣ ነግሬሃለሁ?» ብሎ ሲጠራው ባሌ ገመዱን በብረቱ ላይ አዙሮ፣ ደግሞ አዙሮ፣ ጥሩ አድርጎ ቋጥሮ፣ ቁጭ አለና ፔርሙዙን ከፈተ።

እኔ አላየሁትም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ነበር የሚወርደው። ያስጠነቀቀኝ ቲማቲም ነው። ከጓዳ ወጥቶ እየተንከባለለ መጥቶ ጫማዬ ላይ ቆመ። ቀና ብዬ አየሁ። የሐሙስ አፍንጫ ወደ ላይ ተነሥቷል። የፊቱ ገመድ ከመወጠሩ የተነሣ ውሃው እየተጨመቀ ይንጠባጠባል። ኦሪን ጀርባውን ለገመዱ ሰጥቶ ከኩባያው ቡና ይጠጣል።

«ኦሪን! ገመዱ!»

ዞረ። አየው፤ ወይም ሰማው፤ ብረቱ መቃሰት ጀምሮ ነበርና። ኩባያውን ጥሎ ተንደርድሮ ቋጠሮውን ሊፈታ ጣቶቹን ከገመዱና ከብረቱ መሃል ከተተ።

እንዲህ ያለ ቋጠሮ አይፈታም። ጣት ግን ይቆርጣል። በዚያች ቅጽበት ጀልባዋም፣ የአይዋው ሰውም፣ ውላችንም ከራሴ ጠፉ። የኦሪን እጅ ብቻ ቀረ።

«እጅህን አውጣ!» ብዬ ጮኽኩ። እንዲህ ጮኼ አላውቅም። «ኦሪን! እጅህን! አሁን!»

አወጣ። ትእዛዝ እንደሰማ ወታደር ሁለቱንም እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። የያዝኩትን ገመድ ለቅቄ የጀልባዋን ጥሩምባ ደጋግሜ ነፋሁ፤ ቢላዬን አንሥቼ ጠርዙን ይዤ እየተንጠላጠልኩ ወደ ፊት ወጣሁ። ከላይ ሴትዮዋ ውሃውን አስቆመች። እኛ ግን እንደተሰቀልን ነን፤ ብረቱም ከቦታው መጉበጥ ጀምሯል።

«ከኋላዬ ሁን!» አልኩት። ሆነ። አንድ ጊዜ ገዘገዝኩ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛው ላይ ገመዱ ፈንድቶ ወደ ሰማይ ሄደ። ሐሙስ በአፍንጫዋ ወድቃ ውሃውን በጥፊ መታችው። ኦሪን በመቀመጫው ዘጭ አለ፤ ፔርሙዙ ውሃ ውስጥ ገባ።

ገና አላለቀም ነበር። ያለ ገመድ ነን፤ ነፋሱ ወደ ወዲያኛው ግንብ ይገፋናል። ተመልሼ መሪው ላይ ወደቅሁ፤ ሞተሩን አስነሣሁ። ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት። ሴትዮዋ ውሃውን እንደገና ለቀቀች፤ በሩ እስኪከፈት ድረስ ሐሙስን መሃል ላይ አቆምኳት። የትኛውንም ግንብ አልነካሁም። እንዴት እንዳደረግሁት አትጠይቁኝ፤ እጄ ነው ያደረገው።

«ጣቶችህን ቁጠር» አልኩት ከመሪው ላይ ሆኜ።

ኦሪን አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ። «አሥር ናቸው።»

«አይከፋም» አልኩት።

ሴትዮዋ ከግንቡ ላይ በድምፅ ማጉያው ተናገረች። «ካፒቴን፣ የቆረጥሽው የመንግሥት ገመድ ነው።»

«እንግዲህ መንግሥት መጥቶ ይጠይቀኛ!»

«አይ፣ ደህና አድርገሽ ቆርጠሽዋል ልልሽ ነው። መልካም ጉዞ።»

ከበሩ ወጥተን አሸዋ ያለበት ዳርቻ አገኘን፤ ጀልባዋንም አወጣሁ።  አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትዋይላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ቢራ ከፍታ ሰጠችኝ።

«ጩኸትሽ አይዋ ድረስ ተሰምቷል» አለች። «ገዢው ሰውዬ ሸሽቶ እንዳይሆን።»

ዴልማር ቀንዱን ይዞ መጣ። ፍርዱ ግልጽ ነው፤ እሱ ግን ኦሪንን ማየት አቃተው። እሱም ያቺን ብረት በጆሮው ሥር ያሳለፈ ሰው ነው። በአሸዋው ላይ እግሩን ሲፈትግ ኦሪን እጁን ዘረጋ።

«አምጣው፣ ዴልማር።»

«ዛሬ እንኳ ብንተወው...»

«አምጣው አልኩህ!» ተቀበለውና ራሱ አንገቱ ላይ አጠለቀው። ብረቱ ደረቱ ላይ ተወዛወዘ። «ከባድ ነው ለካ» አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው ትዋይላ ናት። ከዚያ ጌለን፣ ከዚያ ሁላችንም፤ ዴልማር ዓይኑን በሸሚዙ ጫፍ እስኪጠርግ ድረስ። ኦሪን ዓሣውን የጠበሰው በመዳሰስ ነው፤ ግማሹ ጥሬ ግማሹ ከሰል ነበር። ሁላችንም በላነው።

በልተን ስንጨርስ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «ከመሪው ላይ ሆነሽ ስታዪው ገመድ መያዝ ቀላል ይመስላል» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ያን ሁሉ ዘመን ስጮህብሽ ግን ትሰሚኝ ነበር?»

«ሞተሩን ነበር የምሰማው።»

«ታዲያ ራስሽን ለምን ትነቀንቂ ነበር?»

«ዝም እንድትልልኝ።»

ረጅም ጊዜ ሳቀ። በረዶው ከወደቀበት ጊዜ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። ስለ ጎበጠው ብረት ግን ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ውሉ «ሳትጎጂያት» ነበር፤ ሌላ ሰው ቢጎዳትስ የሚለውን ግን አልተነጋገርንበትም። ገመዱን ማንም ይሰረው ማን፣ ካፒቴኗ እኔ ነበርኩ። ያ ነገር እንደ እሾህ ውስጤ ቀረ።

እሑድ ጠዋት ፕሬሪ ዱ ሺን ስንደርስ የአይዋው ሰው አዲስ ነጭ ጫማ አድርጎ መቆሚያው ላይ ይጠብቃል። ትሑት፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። ሐሙስን አስጠግቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ኦሪን ቀንዱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ መቆሚያው እንጨት ወረደ፤ ገመዱን በምሰሶው ላይ አንድ ጊዜ አዙሮ ጫፉን በእጁ ያዘ። አላሰረውም።

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ብረት አየ። «ይሄ ምን ሆኖ ነው የጎበጠው?»

«እኔ ነኝ ያጎበጥኩት» አለ ኦሪን።

«ኧረ ችግር የለውም፣ ይቀየራል። ታዲያ ዋጋው ባወራነው ነው?»

«እሱን ካፒቴኗን ጠይቃት» አለና በዓይኑ ዳር እያየ ወደ እኔ አመለከተ። 

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። ከመመለሴ በፊት ኦሪንን አየሁት። ገመዱን እንደያዘ፣ ጭጋጉ እንዳይሸፍነኝ ፊቱን ትንሽ ዘወር አድርጎ ይጠብቀኛል።

«ማርሊስ፣ ልሰረው?» አለኝ።

«አትሰረው» አልኩት። «ያዘው ብቻ። ጌታውን ቡና ጋብዘናቸው ሐሙስን ይዘን ወደ ቤታችን እንመለሳለን።»

ኦሪን ራሱን ነቀነቀ። ሞተሩ ጠፍቶ ነበርና ሰምቶኛል።